መብራቱ በርቷል፣ ቧንቧው ግን በረዶ ይዞታል

ጥያቄ፦ የምኖረው ሚኒሶታ ነው። ቤታችን አሮጌ ነው፤ ወጥ ቤቱ በኋላ የተቀጠለ ስለሆነ ከሥሩ ቤዝመንት የለውም። ሰው በደረቱ እየተሳበ የሚገባበት ክራውል ስፔስ ነው ያለው። ወደ ወጥ ቤት የሚሄደው የመዳብ ቧንቧ በዚያ ያልፋል። የድሮው ባለቤት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ኬብል አስሮበታል። ቤዝመንት ውስጥ ባለው ሶኬት ላይ ነው የተሰካው፤ ፕላጉ ላይ ትንሽ ቀይ መብራት አለችው። ባለፈው ሳምንት ብርዱ ለዘብ ሲል መብራቷ ጠፋች፣ ተበላሸ ብዬ ደነገጥኩ። ብርዱ ሲመለስ ግን በራች። ትናንት ሌሊት ከዜሮ በታች 12 ፋራናይት ሲገባ፣ መብራቷ እንደበራች የወጥ ቤቱ ውሃ ቆመ። የኬብሉ ካርቶን አሁንም አለ፤ 24 ጫማ፣ 168 ዋት፣ 120 ቮልት ይላል። ኬብሉን ስዳስሰው ከቤዝመንት በሚወጣበት በኩል ለብ ያለ ይመስላል፤ ወደ ወጥ ቤት በኩል ግን ጨርሶ ቀዝቃዛ ነው። መብራቷ የምትለኝ ምንድን ነው? ኬብሉ ይሠራል ወይስ አይሠራም?

መልስ፦ መጀመሪያ ውሃው ይቅደም፤ ወደ መብራቷ እንመለሳለን።

የዋናውን ውሃ መዝጊያ አሁኑኑ ይዝጉት። አብዛኛውን ጊዜ ቤዝመንት ውስጥ፣ ከውሃ ቆጣሪው አጠገብ ነው። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ 9 በመቶ ያህል ይጨምራል። በረዶው እያደገ ሲሄድ በእሱና በተዘጋው የወጥ ቤት ቧንቧ መካከል የቀረውን ውሃ ይገፋዋል። ውሃ ደግሞ ቢጨምቁት አይጨመቅም። ስለዚህ ግፊቱ ይቆለላል፤ መዳብም ቢሆን አይችለውም፣ ይተረተራል። ብዙ ሰው ቧንቧ የሚሰነጠቀው በረዶው ያለበት ቦታ ብቻ ይመስለዋል። ከበረዶው አልፎ በቧንቧ መክፈቻው በኩል ያለው ክፍልም ሊፈነዳ ይችላል። አሁን ስንጥቅ ቢኖር እንኳ በረዶው ራሱ ስለደፈነው ውሃ አያዩም። ጉዱ የሚወጣው ሲቀልጥ ነው።

ከዚያ የወጥ ቤቱን ቧንቧ ከፍተው ይተዉት፤ የሚቀልጠው ውሃ መውጫ ያግኝ። ማሞቂያ ኬብሉን ከሶኬቱ ይንቀሉት። ቧንቧውን በፀጉር ማድረቂያ ያሙቁት። የሚጀምሩት ከወጥ ቤቱ በኩል ነው፤ ቀስ እያሉ ወደ ቤዝመንቱ ይመለሱ። ከመሃል ከጀመሩ የቀለጠው ውሃ በሁለት በረዶ መካከል ይታፈናል። በምንም ዓይነት እሳት አይሞክሩ፤ የጋዝ ችቦም ሆነ ሻማ ከደረቀ የወለል እንጨት ሥር መግባት የለበትም። መሬቱ ላይ ውሃ ካለ ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ዕቃ ይዘው አይግቡ። ሲቀልጥ አንድ ሰው ባትሪ ይዞ ከታች ይቀመጥ፤ ሌላው ዋናውን መዝጊያ በትንሽ በትንሹ ይክፈት። የሚንጠባጠብ ነገር ከታየ ይዝጉና የቧንቧ ሠራተኛ ይጥሩ።

አሁን ወደ መብራቷ።

ይቺ መብራት ሙቀት የምታይበት መንገድ የላትም። የምታየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሷ በተሰካችበት ቦታ ላይ፣ በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ቮልቴጅ መኖር አለመኖሩን። ከእሷ አልፎ ስላለው 24 ጫማ ኬብል የምታውቀው የለም። የእንጀራ ምጣድ ያላት ሁሉ ይህን ታውቀዋለች። የኤሌክትሪክ ምጣዱ ሽቦ ሲበጠስ ቀይዋ መብራት እንደወትሮው ቦግ ብላ ትበራለች። ምጣዱ ግን ሊጡን አያበስልም። መብራቷ አልዋሸችም። ኤሌክትሪክ እዚህ ድረስ መጥቷል ነው ያለችው፤ እሱም እውነት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ "በርታለች ወይ?" ከመሆኑ በፊት "የት ነው የተሰካችው?" መሆን አለበት። በቤት ውስጥ ኬብሎች ላይ ሁለት ዓይነት አሠራር ያጋጥማል። በአንደኛው መብራቷ ከቴርሞስታቱ በፊት ናት፤ ቴርሞስታት ሲበርድ ኤሌክትሪኩን የሚያሳልፍ፣ ሲሞቅ የሚያቋርጥ ማብሪያ ነው። ይህች ሶኬቱ ኤሌክትሪክ እስካለው ድረስ ክረምት ከበጋ ትበራለች፤ የምትነግረን ስለ ሶኬቱ ብቻ ነው። በሁለተኛው መብራቷ ከቴርሞስታቱ በኋላ ናት። ይህች የምትበራው ቴርሞስታቱ በርዶት ሲዘጋና ኤሌክትሪክ ወደ ኬብሉ ሲያሳልፍ ነው። አብዛኞቹ የቤት ቴርሞስታቶች 38 ፋራናይት አካባቢ፣ ማለትም 3 ሴልሺየስ ገደማ ሲደርስ ያበራሉ። ቧንቧው ወደ 45 ወይም 50 ፋራናይት ሲሞቅ ያጠፋሉ።

በፋብሪካና በትልልቅ ሕንፃዎች ላይ ሦስተኛ ዓይነት አለ፤ መብራቷ የኬብሉ መጨረሻ ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። እኔ የምወዳት ያቺን ነው። እዚያ ከበራች ሁለቱም ሽቦዎች ከራስ እስከ ጫፍ ሳይበጠሱ መድረሳቸውን ታረጋግጣለች። የቤት ውስጥ ዕቃ ላይ ግን ብዙም አትገኝም።

የእርስዎ መብራት አየሩ ለዘብ ሲል ጠፍታ፣ ሲበርድ በራች ብለዋል። ያስደነገጠዎት ነገር ጥሩ መረጃ ነው። መብራቷ ሁለተኛው ዓይነት ናት ማለት ነው፤ ከቴርሞስታቱ በኋላ የተሰካች። ስለዚህ ትናንት ሌሊት ሶኬቱ ኤሌክትሪክ ነበረው፤ ቴርሞስታቱም ዘግቶ ኤሌክትሪክ እያሳለፈ ነበር። እስከዚህ ድረስ ያለው ጤነኛ ነው። ሶኬቱን፣ ብሬከሩንና ቴርሞስታቱን ከተጠርጣሪዎች ዝርዝር እናውጣቸው። የቀሩት ሁለት ናቸው። ወይ ኬብሉ ራሱ ተበጥሷል፣ ወይ ኬብሉ ደህና ሆኖ ብርዱ በልጦታል።

እነዚህን ሁለቱን ለመለየት ካርቶኑ ትልቅ ነገር ነግሮናል። 168 ዋትን ለ24 ጫማ ሲያካፍሉት ለአንድ ጫማ 7 ዋት ይመጣል። ይህ የተለመደው ቋሚ ዋት ያለው ኬብል ነው። ሌላኛው ዓይነት ራሱን በራሱ የሚቆጣጠር የሚባለው ነው። እሱ በሁለት ሽቦዎች መካከል ካርቦን የተቀላቀለበት ፕላስቲክ አለው። ሲቀዘቅዝ ፕላስቲኩ ይኮማተራል፤ የካርቦኑ ቅንጣቶች ይቀራረባሉ፤ ብዙ ከረንት ያልፋል። ሲሞቅ ይርቃሉና ከረንቱ ይቀንሳል። በዚያ ዓይነት ካርቶን ላይ አብዛኛውን ጊዜ ዋቱ የሚጻፈው ከሙቀት መጠን ጋር ነው፤ በዚህን ያህል ዲግሪ ለአንድ ጫማ ይህን ያህል ዋት ተብሎ።

ልዩነቱ ለምርመራ ወሳኝ ነው። ቋሚ ዋት ያለው የቤት ኬብል አንድ ረጅም የማሞቂያ ሽቦ ነው፤ ሄዶ የሚመለስ። አንድ ቦታ ከተበጠሰ ሁሉም ይሞታል። ግማሹ ሞቆ ግማሹ የሚቀዘቅዝበት መንገድ የለም። ራሱን የሚቆጣጠረው ግን ከተበጠሰበት ወዲህ ያለው ይሞቃል፣ ወዲያ ያለው ይቀራል። እርስዎ "በቤዝመንቱ በኩል ለብ ይላል፣ በወጥ ቤቱ በኩል ቀዝቃዛ ነው" ሲሉ ያ ስሜት ሁለተኛውን ዓይነት ያስመስላል። ካርቶኑ ግን የመጀመሪያው ነው ይላል። እንግዲህ ካርቶኑ የዚሁ ኬብል ከሆነ፣ ያ ለብታ ከኬብሉ ላይመጣ ይችላል። የመዳብ ቧንቧ ሙቀት በደንብ ያስተላልፋል። ቤዝመንትዎ ሞቃት ስለሆነ የቧንቧው የመጀመሪያ ጥቂት ጫማ የሚሞቀው ከዚያ ነው። እጅ ይህን መለየት አይችልም። ስለዚህ በእጅ ዳሰሳ አንፍረድ።

የሚፈርደው ከረንት ነው። 168 ዋት በ120 ቮልት ሲካፈል 1.4 አምፒር ነው። የእርስዎ ኬብል ሲሠራ ወደ 1.4 አምፒር መሳብ አለበት፤ የቤቱ ቮልቴጅ ትንሽ ከፍ ዝቅ ሲል ቁጥሩም ትንሽ ይለዋወጣል። ከተበጠሰ ዜሮ ነው። በዚህ ዓይነት ኬብል ላይ መካከለኛ ነገር የለም።

ለመለካት ቀላሉ መንገድ በሶኬቱና በፕላጉ መካከል የሚሰካ የዋት መለኪያ ነው። በየሃርድዌር ሱቁ ይሸጣል፤ ዋጋውም የሚያስፈራ አይደለም። ሶኬትዎ ደረቅ ቤዝመንት ውስጥ ስለሆነ ይመቻል። ይሰኩትና ያንብቡ። ቀይዋ በርታ መለኪያው 160 ወይም 170 ዋት ካለ ኬብሉ ይሠራል። ቀይዋ በርታ ዜሮ ወይም አንድ ዋት እንኳ የማይሞላ ነገር ካለ፣ የሚሠራው መብራቷ ብቻ ናት። ከለኩ በኋላ መለኪያውን ያውጡት፤ እዚያው መኖር የለበትም።

ክላምፕ ሜትር፣ ማለትም ሽቦውን በመንጋጋው አቅፎ ከረንት የሚለካ መሣሪያ፣ ያለዎት ከሆነም ይቻላል፤ ግን እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የኬብሉን ገመድ እንዳለ በክላምፑ መንጋጋ ውስጥ ካስገቡት ሁልጊዜ ዜሮ ያነባል። አንዱ ሽቦ ይዞት የሚሄደውን ሌላው ይዞት ስለሚመለስ፣ ሁለቱ ይጠፋፋሉ። መንጋጋው ውስጥ አንድ ሽቦ ብቻ ነው መግባት ያለበት። ለዚህ ተብሎ የሚሸጥ ሽቦዎቹን የሚለይ አጭር ማገናኛ አለ። እባክዎን የገመዱን ሽፋን በቢላ ሰንጥቀው ለመለየት አይሞክሩ። ደህና ኬብል "ዜሮ አነበበ" ተብሎ ሲጣልም አይቻለሁ፤ ከዚያ የባሰው ግን የተሰነጠቀ ገመድ መልሶ መሰካት ነው።

በኦም፣ ማለትም ሽቦው ለከረንት ያለውን ተቃውሞ፣ የሚለኩም አሉ። ኬብሉ ከሶኬት ተነቅሎ በፕላጉ ሁለት ጠፍጣፋ እግሮች መካከል ሲለካ የእርስዎ 86 ኦም አካባቢ መሆን አለበት። ነገር ግን ቴርሞስታቱ ካልበረደው ክፍት ነው፣ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ ሞቃት ክፍል ውስጥ ሆነው ቢለኩ ደህናውም ኬብል የተበጠሰ ይመስላል። መጀመሪያ ቴርሞስታቱን ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል። ኒዮን የሆነች (በጋዝ የምትበራ ትንሽ) መብራት ግን ንባቡን አታበላሽም፤ በቴስተሩ ትንሽ ባትሪ ቮልቴጅ አትነሳም። ራሱን በሚቆጣጠረው ኬብል ላይ የኦም ንባብ እንደ አየሩ ስለሚለዋወጥ እኔ አልተማመንበትም። እዚያ የሚሻለው ሰክቶ ከረንቱን ማየት ነው፤ መጀመሪያ ከፍ ብሎ ይጀምርና ኬብሉ ሲሞቅ እየቀነሰ ይሄዳል። በአንድ ጫማ ሊስብ ከሚገባው እጅግ ያነሰ ከሆነ ከመሃል ተበጥሷል ወይም አርጅቷል።

ንባቡ 1.4 አምፒር ሆነ እንበል። ታዲያ ቧንቧው ለምን በረዶ ያዘው? ወደ ክራውል ስፔሱ ገብተው የሚያዩት ሦስት ነገር ነው። አንደኛው ሽፋን ነው። ማሞቂያ ኬብል ራቁቱን ሲሆን ሙቀቱ ወደ አየር ይሄዳል። ቧንቧውና ኬብሉ አብረው ኢንሱሌሽን መልበስ አለባቸው፤ ዓይነቱንና ውፍረቱን የኬብሉ መመሪያ ይናገራል። መመሪያው ግማሽ ኢንች ካለ ግማሽ ኢንች ነው፤ በቋሚ ዋት ኬብል ላይ ከዚያ ማወፈር ኬብሉን ከመጠን በላይ ያሞቀዋል። ሁለተኛው ነፋስ ነው። ከመሠረቱ ግድግዳ ላይ የተሰነጠቀ ወይም የተከፈተ ቀዳዳ ካለና ቧንቧው ፊት ለፊቱ ካለፈ፣ 7 ዋት አይመክተውም። የሚኒሶታ ብርድ ቀልድ አያውቅም። በፈረንጆች አቆጣጠር ጥር 2019 ላይ ሚኒያፖሊስ ከዜሮ በታች 28 ፋራናይት ገብታ ነበር፤ ታወር በተባለችው የሰሜን ከተማ ደግሞ የካቲት 2 ቀን 1996 ከዜሮ በታች 60 ተመዝግቧል። ቀዳዳውን መድፈን ከማንኛውም ኬብል ይቀድማል። ሦስተኛው ርዝመቱ ነው። ኬብሉ 24 ጫማ ነው፤ ቧንቧው በክራውል ስፔሱ ውስጥ 30 ጫማ ከሄደ፣ የተረፈው 6 ጫማ ምንም ጠባቂ የለውም። በወጥ ቤቱ በኩል በረዶ የያዘው ለዚህ ሊሆን ይችላል። በሜትር ይለኩት፤ በዓይን አይገምቱ።

ቴርሞስታቱ ያለበትንም ቦታ ይዩ። የእርስዎ ለፕላጉ ቅርብ ከሆነ፣ ቧንቧው ከሞቃቱ ቤዝመንት በሚወጣበት ቦታ ተቀምጧል ማለት ነው። ትናንት ብርዱ ኃይለኛ ስለነበረ ዘግቷል። መጠነኛ ብርድ ባለበት ሌሊት ግን እሱ ሞቆት ተኝቶ፣ ቧንቧው በሩቁ ጫፍ ላይ በረዶ ሊይዘው ይችላል። ቴርሞስታት መቀመጥ ያለበት በጣም በሚቀዘቅዘው ቦታ ነው። ከቧንቧው ጋር ገጥሞ በቴፕ ይታሰራል። ከማሞቂያው ሽቦ ጋር ግን መነካካት የለበትም። ከነካካ የራሱን ኬብል ሙቀት የቧንቧው ሙቀት አድርጎ ያነባል፤ ያበራና ወዲያው ያጠፋል። አንድ ሰው መብራቷ ቶሎ ቶሎ ትበራለች ትጠፋለች ሲለኝ ቀድሜ የምጠይቀው ይህንን ነው።

የእርስዎ ችግር መብራቷ በርታ ውሃው መቆሙ ቢሆንም፣ ይህንን ከሚያነቡት ብዙዎቹ መብራቷ ጨርሶ አልበራ ያለቻቸው ይሆናሉ። ለእነሱም ልበል።

መጀመሪያ አየሩን ይዩ። ቧንቧው ከ38 ፋራናይት በላይ ከሆነ አለመብራቷ ትክክል ነው። ቤዝመንት ውስጥ፣ ሱቅ ውስጥ ወይም በጋ ላይ ሰክተው "አልሠራም" ብለው የመለሱ ሰዎች ብዙ ናቸው። ቀጥሎ ሶኬቱን በሌላ ነገር ይሞክሩት፤ የስልክ ቻርጀርም ቢሆን ይበቃል። ሶኬቱ ከሠራና ብርድም ካለ የበረዶ ሙከራ ይደረጋል። ፌስታል ውስጥ የተፈጨ በረዶና ትንሽ ቀዝቃዛ ውሃ ይጨምሩ፤ አፉን ጥርቅም አድርገው ይሰሩት። ፌስታሉን ቴርሞስታቱ ላይ ያስደግፉት። ቴርሞስታቱ ያበጠች፣ ትንሽ ጠንከር ያለች የኬብሉ ክፍል ናት። ውሃው እንዳይነካው ፌስታሉ ሳይቀደድ፣ ፕላጉም ከአጠገቡ ርቆ። አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ይታገሱ። ጆሮዎን ጠጋ ካደረጉ ቀጭን "ጠቅ" የምትል ድምፅ ትሰማላችሁ። ወዲያው መብራቷ መብራት አለባት። ቀጥሎ ኬብሉን ይዳስሱ፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ርዝመቱን ሁሉ ለብ ማለት ይኖርበታል። ድምፁ ተሰምቶ መብራቷ ካልበራች ግን ኬብሉ ከሞቀ መብራቷ ብቻ ናት የሞተችው። ምንም ከሌለ ቴርሞስታቱ ሄዷል፤ ኬብሉ ይቀየራል።

ብልጭ ድርግም የምትል መብራትስ? እነዚህ ትንንሽ ብርቱካንማ ቀይ መብራቶች በአሮጌዎቹ ኬብሎች ላይ አብዛኛውን ጊዜ ኒዮን ናቸው። ኒዮን እጅግ ጥቂት ከረንት ነው የሚበቃት፤ ከአንድ ሺኛ አምፒር ያነሰ። ሲያረጅ ብርጭቆው ከውስጥ ይጠቁራል፤ መንቀጥቀጥም ይጀምራል። ስለዚህ መርገብገብ ሁልጊዜ የኬብል በሽታ አይደለም። ግን አንድ ነገር ሳያረጋግጡ አይለፉ። ፕላጉን ይንቀሉና እግሮቹን ይዩ። ቡናማ ሆነዋል? ፕላስቲኩ ቀልጧል? ፕላጉ ተሰክቶ ሲነካ ይሞቃል? የተቃጠለ ላስቲክ ይሸታል? ከእነዚህ አንዱ ካለ ሶኬቱ ፕላጉን አጥብቆ አይዝም፤ ያ ደግሞ የእሳት መነሻ ነው። ሁለቱም ይቀየራሉ።

አሁን ዝም ብዬ ማለፍ የማልችለው ጉዳይ ላይ ደርሰናል። መብራቷ ጠፋች፤ ሰውየው ወረደና አየ፤ ጂኤፍሲአይ ሶኬቱ፣ ማለትም ከረንት ሲያመልጥ ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጠው የደህንነት ሶኬት፣ ወርዷል (አቋርጧል)። መልሶ ተጫነው፣ ሠራ። ከአንድ ሰዓት በኋላ እንደገና ወረደ። "ይህ ሶኬት አስቸገረኝ" አለና ኬብሉን ከሌላ ተራ ሶኬት ላይ ሰካው፤ ወይም ኤክስቴንሽን ዘረጋ። መብራቷ በራች። ውሃውም ፈሰሰ። ሁሉም ደስ አለው።

እባካችሁ ይህንን አታድርጉ። ጂኤፍሲአይ የሚወርደው ከሄደው ከረንት ውስጥ ከ4 እስከ 6 ሚሊአምፒር ያህሉ በተገቢው ሽቦ ሳይመለስ ሲቀር ነው። ያ የጎደለው ከረንት የሆነ ቦታ ሄዷል። ወደ መዳቡ ቧንቧ ሊሆን ይችላል፤ ቧንቧው ደግሞ ልጅዎ እጁን የሚታጠብበት ነው። ወደ እርጥብ ኢንሱሌሽንም ሊሆን ይችላል፤ እዚያ ቀስ እያለ እየከሰለ ይቆያል። የኬብሉ ሽፋን በእርጅና ተሰንጥቆ፣ አይጥ ነክሶት ወይም ጫፉ ላይ ውሃ ገብቶ ይሆናል። ክራውል ስፔስ ውስጥ አይጥ የማይጠፋ ነገር ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ኮድ በአንቀጽ 427.22 ለቧንቧ ማሞቂያ የመሬት ፍሳሽ መከላከያ ግዴታ ያደረገው በዚሁ ምክንያት ነው። የሸማቾች ምርቶች ደህንነት ኮሚሽንም ስለ ማሞቂያ ኬብሎችና ስለሚያስነሱት እሳት ለዓመታት ሲያስጠነቅቅ ኖሯል። በተለይ በሞባይል ሆም ለሚኖሩ ወገኖች ይህ ነገር ቅርብ ነው፤ ቤቱ ሥር በተንጠለጠለው ቧንቧ ላይ ሁሉ ይህ ኬብል አለ።

ስለዚህ ጂኤፍሲአይ ሲወርድ አንድ ጊዜ መልሰው ይጫኑት። እንደገና ከወረደ ኬብሉን ይንቀሉና ሶኬቱን ባዶውን ይጫኑት። ባዶውን ከቆመ ጥፋቱ የኬብሉ ነው፤ ኬብሉ ይጣል። ባዶውንም ካልቆመ ሶኬቱ ነው። ከ2015 አጋማሽ ወዲህ የሚሠሩት ጂኤፍሲአዮች ራሳቸውን እንዲፈትሹ ግዴታ ስላለባቸው፣ ሲያበቃላቸው በራሳቸው መብራት ያሳውቃሉ ወይም ኤሌክትሪክ አንሰጥም ይላሉ። ያቺን የሶኬቱን መብራት ከኬብሉ መብራት ጋር አያምታቷት። አንዳንዱ ሶኬት ላይ አረንጓዴ ደህና ነው፣ ቀይ ደግሞ ወርዷል ወይም አብቅቷል ማለት ነው። ከኬብሉ ቀይ ጋር ትርጉሙ ተቃራኒ ነው።

የእርስዎ ሶኬት ጂኤፍሲአይ መሆኑን አልነገሩኝም። ፊቱ ላይ ሁለት ትንንሽ ቁልፎች ከሌሉት፣ ከፓነሉ ላይ ያለው ብሬከር መሆኑን ይዩ፤ እሱም የሙከራ ቁልፍ ይኖረዋል። ሁለቱም ከሌሉ ንባቡ 1.4 አምፒር ቢሆንም እንኳ ኬብሉን መልሰው ከመሰካትዎ በፊት ይህ ይስተካከል። የኬብሉ ፕላግ ሁለት እግር ብቻ ከሆነ ደግሞ ግራውንድ የሌለው የድሮ ዓይነት ነው፤ ሳይለኩም ይጣሉት።

ንባቡ ዜሮ ከሆነ ጥገና የለም። ቋሚ ዋት ያለው ኬብል አይቀጠልም፣ አያጥርም። ማሳጠር ማለት የሽቦውን ኦም መቀነስ ነው፤ ኦሙ ሲቀንስ ከረንቱ ይጨምራል፤ ኬብሉ ከታሰበለት በላይ ይሞቃል። አዲስ ሲገዙ ቧንቧውን ለክተው በልኩ ይግዙ። የአሜሪካ የቤት ማሞቂያ ኬብል የሚፈተንበት ደረጃ ዩኤል 2049 ነው፤ ካርቶኑ ላይ የዩኤል ወይም የሌላ የታወቀ ፈታሽ ምልክት ይፈልጉ። ለእርስዎ ቦታ እኔ ራሱን የሚቆጣጠረውን እመርጥ ነበር። ዋጋው ይበልጣል፤ ግን ሞቃቱ የቤዝመንት ጫፍ ላይ ራሱ ይቀንሳል፣ ቀዝቃዛው የወጥ ቤት ጫፍ ላይ ራሱ ይጨምራል። የእርስዎ ቧንቧ ደግሞ ሁለት የተለያየ አየር የሚያልፍ ነው።

ሲያስሩት ኬብሉን በቧንቧው ሥር ቀጥ አድርገው ያስኪዱት። ቋሚ ዋት ያለው ከሆነ ኬብሉ በራሱ ላይ ፈጽሞ አይደረብ፤ የተደራረበበት ቦታ ሙቀቱ መሄጃ ስለሚያጣ ሽፋኑን ያቀልጠዋል። የተረፈ ኬብል ካለ ጠቅልሎ ማንጠልጠልም ያው ነው። የድሮው ኬብል ሲወጣ በደንብ ይዩት። የጠቆረ፣ ያበጠ ወይም የተሰባበረ ቦታ ካለ ከኬብሉ ጋር የነበረውን ኢንሱሌሽንም አብረው ይጣሉት፤ ወለሉ እንጨት ላይ የጠቆረ ነገር ካለ ደግሞ ባለሙያ ይየው። ቧንቧው አንድ ቦታ ላይ ወደ ፕላስቲክ ወይም ፔክስ ከተቀየረ፣ ኬብሉ ለፕላስቲክ የተፈቀደ መሆኑን መመሪያው ላይ ሳያነቡ አያስሩ።

እስከዚያ ድረስ፣ ማለትም ኬብሉ እስኪለካ፣ በብርድ ሌሊት የወጥ ቤቱን ቧንቧ በቀጭኑ እያንጠባጠበ ይተዉት፤ ከእቃ ማጠቢያው ሥር ያለውን የቁም ሣጥን በርም ከፍተው ይደሩ። ከ20 ፋራናይት በታች ሲተነበይ ይህንን አይርሱ።

የዋት መለኪያውን ንባብና የቧንቧውን ርዝመት ይላኩልኝ። ሲለኩ መብራቷ በርታ እንደነበረና እንዳልነበረች አብረው ይጻፉልኝ፤ ጠፍታ ሳለች የተነበበ ዜሮ ስለ ኬብሉ ምንም አይነግረኝም።